የመስቀል ስጦታና የተማሪ ኪስ

መስከረም ሲጠባ በተማሪ መኝታ ቤት አንድ ጥያቄ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞራል። «ለመስቀል ትገባለህ?» የሚል ነው። ጠያቂውና ተጠያቂው የሀዲያ ወይም የከምባታ ልጆች ከሆኑ ጥያቄው ስለ መንገዱ አይደለም። መንገዱንማ ዓይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን። ዓለም ገና፣ ጢያ፣ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ከዚያ ሆሳዕና፤ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ራሱ ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል፤ «ምን ይዤ?»

ሁለት ቃል ብቻ ናት። ግን በእሷ ምክንያት ስንቱ ልጅ የዓመት በዓሉን ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቦ አሳልፏል! ፈተና አለብኝ ብሎ ወደ ቤቱ የሚደውል አለ፤ ፈተና ግን የለበትም። መኪና ጠፋ የሚል አለ፤ መናኸሪያ ግን አልሄደም። እውነቱን የሚያውቀው ከላይኛው አልጋ የተኛው ጓደኛው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ያው የራሱን ውሸት እያዘጋጀ ነው። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በዚች «ምን ይዤ» በምትለው ነገር ላይ ነው። የኪስ ጉዳይ ትመስላለች እንጂ የኪስ ብቻ አይደለችም።

መቼም መስቀል በእኛ በኩል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ጓደኛችን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሀዲያው ያሆዴ ይለዋል፤ አዲስ ዓመቱም እሱ ነው። ከምባታው መሳላ ይለዋል። ኦርቶዶክሱ በራሱ ሥርዓት ያከብረዋል፤ ወንጌላዊውም በራሱ መንገድ ያስበዋል፤ ወደ ቤት በመግባቱ ላይ ግን ማንም ከማንም አይለይም። የከተማችን ስም ራሱ የበዓል ስም አይደል? ዋቸሞ የነበረችው ሆሳዕና ከተባለች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ የድሮ ስሟም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ላይ ተጽፎ ይኖራል። በዓሉ ሲቃረብ የተጣላ ይታረቃል፤ ያገባች ልጅ ወላጆቿን ትጠይቃለች፤ አገር ጥሎ የሄደ ይመለሳል። በዋዜማው ልጆች ችቦ አብርተው «ያሆዴ» ሲሉ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቢጎድል፣ የጎደለው ሰው ስም በዚያች ሌሊት ሳይነሣ አያድርም።

ይዞ መግባትም ቢሆን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሸንኮራ ሊቆርጡ ወደ አዋሽ ሸለቆ ከወረዱት መካከል የከምባታና የሀዲያ ሰዎች ብዙ ነበሩ። በኋላም መተሐራ ተጨመረ። አባቴ የልጅነት ጊዜውን ሲያወራ ወንጂ የከረመ ሰው ለመስቀል ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እስከ መንገዱ ወጥቶ ይቀበለው እንደነበረ ይናገራል። የሚመጣው ምን ነበር? አንድ ቋጠሮ ስኳር፣ ለሚስቱ አቡጀዲ፣ ለቤቱ አንድ ፋኖስ። ከዚያ የበለጠ ነገር የያዘ ሰው ከነበረ አባቴ አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ስኳሩ በመዳፍ በመዳፍ ሲታደል የልጆቹ እጅ እንዴት እንደሚጣበቅ ነው።

አሁን ደግሞ የበዓሉን ወጪ እንመልከት። የመስቀል ድግስ በሬ አለበት፤ ቅቤ አለበት፤ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና አለበት። ይህን ሁሉ አንድ ገበሬ በአንድ ወር ከየት ያመጣል? ከየትም አያመጣም። አገሩ ይህን ችግር የፈታው ከእኛ መወለድ በፊት ነው። ወንዶቹ በቱታ ይደራጃሉ፤ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅሙና ሰንጋውን በጋራ ገዝተው በጋራ ይካፈላሉ። ሴቶቹ ዊጆ አላቸው፤ ላሟ የምትሰጠው ቅቤ ለብቻው ሲታይ ለምንም አይሞላም፤ ተሰብስቦ ለአንዷ፣ በሌላ ጊዜ ለሌላዋ ሲደርስ ግን ቤት ይሞላል። ወጣቶቹ እንጨት ይፈልጣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይኸው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ በዓል ከድሮውም የሀብታም በዓል አልነበረም። ትንሽ ገቢ ያለው ሰው ከሩቁ አስቦ፣ ቀስ ብሎ አጠራቅሞ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተረዳድቶ የሚደርስበት በዓል ነው። «ገንዘብ ስለሌለኝ መስቀልን አልገባም» የሚል ተማሪ ዊጆና ቱታ ከሠራ ሕዝብ መካከል መወለዱን የረሳ ይመስለኛል።

ታዲያ ሐፍረቱ ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ መለኪያው ስለተለወጠ ነው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሆሳዕናና የአካባቢዋ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ያዘ። ዛሬ ከሀዲያም ከከምባታም «ጆበርግ» ሰው የሌለው ቤተ ዘመድ ማግኘት ያስቸግራል። ሱቅ ከፍተው፣ ብርድ ልብስና ልብስ በዱቤ እየሸጡ፣ ሌሊት በዘራፊ እየተሳቀቁ የሚያገኙትን ወደ ቤት ይልካሉ። ቤት ተሠርቶበታል፤ ወንድም ተምሮበታል፤ ይህን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። ግን ለመስቀል የሚላከው ገንዘብ አብሮት አንድ ነገር ይዞ መጣ። የጎረቤት ልጅ የሙሉ በሬ ዋጋ በስልክ ሲልክ፣ ኮሌጅ የገባው ልጅ ሁለት ኪሎ ስኳር አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ ማንም ምንም ሳይናገር ሁሉም ሰው ያወዳድራል። እናት አታወዳድርም ይሆናል፤ መንደሩ ግን ያወዳድራል።

የእንግሊዝኛ መምህራን ደጋግመው የሚያስነብቡት አንድ የኦ. ሄንሪ አጭር ልቦለድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የወጣው የሰብአ ሰገል ስጦታ። ሁለት ድሃ ባልና ሚስት ለገና ስጦታ ሊሰጣጡ ፈለጉ። ሚስት ረጅም ጸጉሯን ሸጣ ለባሏ የሰዓት ማሰሪያ ገዛች፤ ባል ደግሞ ሰዓቱን ሸጦ ለጸጉሯ ማበጠሪያ ገዛ። ክፍል ውስጥ አንብበን ሳቅን፤ አንዳንዶቻችንም አዘንን። እኔ ግን ያን ቀን ያሰብኩት ስለ ሰፈራችን ነበር። በእኛ ሰፈር አባት በሬዎቹን ይሸጣል፤ መሬቱን ለዓመታት በኮንትራት ይሰጣል፤ ያን ገንዘብ ለደላላ ከፍሎ ልጁን በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አድርጎ ይልከዋል። ልጁ ከደረሰ፣ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ለመስቀል የበሬ መግዣ ይልካል። በሬ ተሸጦ በሬ ተገዛ ማለት ነው። በመሀል የጎደለው ልጁ ነው።

ከደረሰ አልኩ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ዛምቢያ ውስጥ በሉሳካ ዳርቻ 27 ሬሳ ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም የእኛው አገር ልጆች መሆናቸው ተነገረ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር እኛ አገር ስልክ ያልደወለ ሰው የለም። ስለ ስጦታ ልጽፍ ጀምሬ ስለ ሬሳ መጻፌ ለምን ይመስላችኋል? አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ከደላላ ጋር ሲነጋገር የሚያስበው ስለ ጂኦግራፊ አይደለም። የሚያስበው በመስቀል ቀን የማን እጅ ሙሉ ሆኖ፣ የማን እጅ ባዶ ሆኖ እንደገባ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ልጅ ከነሐፍረቱ ማዕዘን ይዞ ሲቀመጥ፣ ወይም ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀር፣ ያ ልጅ የራሱን ስሌት ይሠራል። የእኛ መቅረት ለእሱ ምክር ነው፤ መጥፎ ምክር።

ማርሴል ሞስ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ አንድ የታወቀ ጥናት አሳትሞ ነበር። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስጦታ ሦስት ግዴታ አለው ይላል፤ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። ለዚህስ ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር፤ «ብድር በምድር» ብለው አባቶቻችን በሁለት ቃል ጨርሰውታል። ይሁንና ነገሩን አንድ ደረጃ ወደ ፊት ብንገፋው ጥሩ ነው። ብድርን በሚያክለው መመለስ ነጋዴም ያውቅበታል። እናት ለልጇ የሰጠችውን ግን ማን በሚያክለው ሊመልስ? በሬም ቢሆን አያክለውም። ስለዚህ ለወላጅ የሚሰጥ ስጦታ ከድሮውም የዋጋ ውድድር ውስጥ የሚገባ አልነበረም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አይቼሻለሁ፤ አይቼሃለሁ» ይላል። ስንቅ ቋጥረው ሲሸኙን እኛ የረሳናቸው መስሏቸው ከሆነ፣ አልረሳንም ብሎ ይመሰክራል።

«አይቼሻለሁ» ለማለት ግን መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ለማስረዳት ከራሴ ቤት ልጀምር።

አንድ ዓመት የመሳፈሪያዬን ለይቼ ካስቀመጥኩ በኋላ ኪሴ ውስጥ 600 ብር ቀረኝ። ቤታችን ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ ሴት አያቴና አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር እኅቴ አሉ። 600 ብር ለአራት ሰው! የተለመደውን ላድርግ ብል ለሁለቱ ሻሽ ገዝቼ ለሁለቱ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ሻሽ ደግሞ እናቴ ሦስት አላት፤ ሦስቱም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ወደ ገበያ ከመሄዴ በፊት አንድ ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ቤታችንን በሐሳቤ ዞርኩት። ማን የት ይቀመጣል? ማን በምን ይቸገራል? ማን ምን ጎድሎት ሳይናገር ይኖራል?

አባቴ ወረቀት ሲሰጡት ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ነው የሚያነበው። ክንዱ አልበቃ ሲለው ለእኅቴ ይሰጣታል። አዲስ አበባ ለሕክምና በመጣ ጊዜ ግን የአጎቴን መነጽር ለቀልድ አድርጎ ጋዜጣውን ጮክ ብሎ አነበበው። ይህን አስታወስኩና ለአጎቴ ደውዬ የመነጽሩን ቁጥር ጠየቅሁት። ሁለት ነው አለኝ። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ላይ ሁለት ቁጥሩን ፈልጌ በ180 ብር ገዛሁ።

እናቴ ደግሞ ቡና አፍልታ ለሰው ሁሉ ከቀዳች በኋላ ራሷ የምትጠጣው አፉ በተሸረፈ ስኒ ነው። ስድስት ስኒ አለን፤ አምስቱ ደህና ናቸው፤ ስድስተኛው ሁልጊዜ የእሷ ነው። ማንም ወስኖባት አይደለም፤ ራሷ ነች የምትመርጠው። ሙሉ ስኒ ለመግዛት አቅም አልነበረኝም። ቢኖረኝም ያው ስድስቱንም ለእንግዳ ታስቀምጠው ነበር። አንድ ስኒ ብቻ፣ ከሌሎቹ የማይመሳሰል፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት በ60 ብር ገዛሁላት።

ሴት አያቴ ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመቷ ነው። ፎቶግራፉ የላትም። ነገር ግን አጎቴ ዘንድ የወንድ አያቴ የቀበሌ መታወቂያ ተቀምጧል፤ በላዩም የጣት ጥፍር የምታክል ጉርድ ፎቶ አለች። እሷን በስልኬ አንሥቼ ፎቶ ቤት ወስጄ አሳደግኋት፤ 120 ብር።

ለእኅቴ የገዛሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ያኔ ገና ልጅ ነበረች፤ ቁጥሩን ግን ይዛዋለች። «ከመቶው ሦስት ውስጥ እንዴት ይገባል?» ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። የራሴን የሒሳብና የፊዚክስ ማስታወሻ በንጹሕ ገጽ ገለበጥኩላት፤ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ፤ ሁሉንም በአንድ ላይ በክር ሰፋሁት። ወረቀቱና ኮፒው 200 ብር ፈጀ። በየገጹ ዳር እኔን ያስቸገረኝ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ቀስ በይ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የተረፈኝን 40 ብር ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ አደረግኩት።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ መጀመሪያ ያወጣው የመሬት ደብተሩን ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ አዋሳኞቹን ሳይቀር፣ ለብቻው ሆኖ አነበበው። ከዚያ አጣጥፎ አስቀመጠና ምንም አላለም፤ ማታ ግን መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። አያቴ ፎቶውን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየችው በኋላ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ወጣት ነበር እንዴ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እናቴ ስኒውን አየችው፤ አመሰገነች፤ መረቀችኝ፤ ከዚያ ወዲያው ቡና ሲፈላ ለመጣው እንግዳ ቀዳችበት! ራሷ ያንኑ የተሸረፈውን አነሣች። ሁለተኛው ቀንም እንደዚሁ። በሦስተኛው ቀን እኅቴ የተሸረፈውን ስኒ ወስዳ የማላውቀው ቦታ ደበቀችው። እናቴ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣው በአዲሱ መጠጣት ጀመረች። ስለዚህ ስኒውን የሰጠሁት እኔ ብሆንም ስጦታ ያደረገው የእኅቴ ተንኮል ነው።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር አለ፤ ዕቃ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ ዕቃው ለታሰበለት ሰው እንዲደርስ ማድረግ ሌላ ነገር። የእኛ እናቶች የተሰጣቸውን ሁሉ ለሌላ ማሳለፍ ለምደዋል። አዲስ ብርድ ልብስ ለእንግዳ ነው፤ ጥሩው ሥጋ ለልጅ ነው። ስለዚህ ለእናት ስትሰጡ ለሌላ ሰው የማይሆን፣ የእሷ ብቻ የሆነ ነገር ፈልጉ። ካልሆነም አጠገቧ ያለ ተንኮለኛ አዘጋጁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው የብቻዬ አይደለም። ከአንድ ወረዳ የመጣን አሥራ አንድ ተማሪዎች ከጥር ጀምሮ በየወሩ 30፣ 30 ብር እናዋጣ ነበር። እስከ ነሐሴ ስምንት ወር ሆነ፤ 2,640 ብር። ገንዘቡን አንዷ ጓደኛችን ያዘችው፤ ከእሷ እጅ ሳንቲም ለማውጣት ግን ባንክ መዝረፍ ይቀል ነበር። ሐሳባችን በሰፈራችን ባሏ ለሞተባት፣ ከማንም ቱታ ውስጥ ለሌለች አንዲት ሴት ሥጋ ማስገባት ነበር። ገንዘቡ ለግማሽ መደብ ብቻ በቃ። ቱታውን ለሚመሩት ሽማግሌ ሰጥተን፣ «የማን እንደሆነ አይንገሩ፤ ደርሶሻል ብቻ ይበሏት» አልናቸው። ሽማግሌው ገንዘቡን ቆጥረው፣ «ግማሽ ሥጋ ይዞ ወደ ሰው ቤት አይገባም» አሉ። የቀረውን የቱታው ሰዎች ሞሉት። ሴትዮዋ ያሆዴ በዋለ ማግስት አንድ ሳሕን አታካና በኮባ ሸፍና ለሽማግሌው ቤት ላከች፤ «ለማላውቃቸው ልጆች» ብላ። እኛም ተጠርተን በላን። ብድር በምድር ማለት እንዲህም አለ።

እርግጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ለአንድ ያንጋጫ ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዬ ሳወራው ሳቀብኝ። «ተው ባክህ፣ ይሄ የድሃ ማጽናኛ ነው። እናትህ የሚያስፈልጋት ስኒ ነው ወይስ ላም?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ላም ያስፈልጋታል። ስኒ ላም አይሆንም፤ መነጽርም የማዳበሪያ ዕዳ አይከፍልም። ድህነትን በስጦታ እናጠፋለን ብዬ አልጽፍም፤ እንዲያ የሚል ጽሑፍ ባነብ እኔም እስቅ ነበር። ግን ጓደኛዬ ላሟን እስኪገዛ ድረስ ወደ ቤቱ ሳይገባ ሦስት መስቀል አለፈው። ላሟም አልተገዛች፤ እሱም አልታየ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት እናቱ ሁለቱንም አጣች። እኔ የምለው፣ ላሟ እስክትመጣ ድረስ ቢያንስ ልጁ ይምጣ ነው። ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ «የስኒው ዋጋ ስንት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ እነሆ፤ ሁሉም የተሞከረ ነው። አንደኛ፣ ስለ መስቀል በመስከረም አታስቡ። ዊጆ በመስከረም አይጀመርም። በጥር 20 ብር ማስቀመጥ የጀመረ ሰው በጳጉሜ አይበደርም። ለስጦታ ብላችሁ ደግሞ አትበደሩ፤ በብድር የተገዛ ስጦታ ዋጋውን የሚያወጣው ከኅዳር ምሳችሁ ላይ ነው፤ እናታችሁ ይህን ብታውቅ አትቀበላችሁም።

ሁለተኛ፣ በስልክ ስታወሩ ጆሮ ይኑራችሁ። «ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለብንም» የሚባለውን እለፉትና በመሀል ጣል የሚደረገውን ያዙ። «ባትሪው ሞተ እኮ፣ ማታ ማታ ከብቶቹን በእጃችን ዳስሰን ነው የምናየው» ያለ ሰው ስጦታውን ነገራችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጉልበታችሁን ርካሽ አታድርጉት። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሞ ገብቶ እንጨት የፈለጠ፣ የእንሰቱን ጓሮ ያጸዳ፣ ደጁን የደለደለ ልጅ በዋዜማው ማታ ጫማ ይዞ ከሚደርሰው አያንስም። እኅቶቻችን ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ገና ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ቅቤ ማንጠር ይጀምራሉ። እኛ ወንዶቹ ግን ዩኒቨርሲቲ ስለገባን እንደ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጠን ውሃ ለእጃችን ይመጣልናል። መጥረቢያውን ማንሣት ብር አይጠይቅም።

አራተኛ፣ ከአገሩ ለአገሩ ስጡ። ከሐደሮ በኩል የሚመጣ ዝንጅብል አዲስ አበባ ላለችው አክስት ከማንኛውም ብስኩት ይበልጣል። ስትመለሱም ከቤት የተሰጣችሁን ቆጮና ቅቤ አልጋ ሥር ቆልፋችሁ አታሻግቱት፤ መስቀልን ግቢ ውስጥ ላሳለፈው ጓደኛችሁ ቁረሱለት። ማሸጊያ ወረቀት አያስፈልግም፤ ኮባ አለን።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ የተጣላችሁት ሰው ካለ ታረቁ። በዓሉ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ በኪስም አይመጣም፤ ከበሬ ግን ይከብዳል።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ! በዚህ ዓመትም መስከረም 16 ማታ ችቦው ይበራል። ሆሳዕና፣ ሆመቾ፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫና ዶዮገና መኪና ጣቢያ ላይ ትንንሽ ልጆች ቆመው ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ይቆጥራሉ። ማን ከአረብ አገር፣ ማን ከጆበርግ፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደመጣ ያውቃሉ። የእያንዳንዳችንንም እጅ ያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ በዚያ ሳምንት ከደላላ ጋር ቀጠሮ ይዞ ይሆናል። በክር የተሰፋ ደብተርና አንድ ስኒ ይዞ፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ እየሳቀ የሚወርድ ተማሪ ይይ። ይህ ብቻውን ያስቀረዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ስሌቱን በሚሠራበት ሰዓት በእኛ በኩል የሚቆጥረው ነገር ይኑረው። ቲኬታችሁን ቁረጡ።